ፑሽ ማድረግ መፈረም አይደለም

«ኤስኤስኤች ቁልፌን ጊትሃብ ላይ አስገብቻለሁ፤ ስለዚህ ኮሚቶቼ ተፈርመዋል።» ይህን ስንቴ እንደሰማሁት! አልተፈረሙም። (ጊት የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው፤ ኮሚት አንዱ የተመዘገበ ለውጥ፣ ጊትሃብ ደግሞ ኮዱ የሚከማችበት ድረ ገጽ። ኤስኤስኤች ወደ ሰርቨር በቁልፍ መግቢያ ዘዴ ነው፤ መፈረም ደግሞ ኮሚቱ ከእናንተ መሆኑን በቁልፍ ማረጋገጥ።) የመግቢያ ቁልፍ ሥራው ኮድ ስትልኩ (ፑሽ) ወይም ስታወርዱ (ፑል) ማንነታችሁን ለሰርቨሩ ማሳየት ነው፤ ግንኙነቱ ሲዘጋ ሥራውም ያበቃል። በኮሚቱ ውስጥ አንዳች ምልክት አይተውም። እዚያ የሚታየው ስምና ኢሜይል በገዛ እጃችሁ የሞላችሁት ተራ ጽሑፍ ነው፤ የጊትን ፈጣሪ የሊኑስ ቶርቫልድስን ስም ብትሞሉም ጊት አይጠይቃችሁም። የቢሮ ቁልፍ የያዘ ሁሉ ክብ ማኅተሙን አልያዘም። ይህን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል፤ ፕሮግራመሩ ግን ይከራከራል።

ቀድሞ ለመግቢያ ኤስኤስኤች፣ ለፊርማ በአብዛኛው ጂፒጂ የተባለ ሌላ መሣሪያ ስለነበር ልዩነቱ በዓይን ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የወጣው ጊት 2.34 በኤስኤስኤች ቁልፍ መፈረም ሲፈቅድ ነገሩ ተደበላለቀ። አሁን አንድ ቁልፍ ለሁለቱም ያገለግላል፤ ጊትሃብ ላይ ግን ይፋዊውን ቁልፍ (ከጥንዱ ለሌላ የሚሰጠውን) ሁለት ጊዜ ማስገባት አለባችሁ፦ አንዴ ለመግቢያ፣ አንዴ ለፊርማ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለመግቢያ ብቻ አስገብቶ ኮሚቶቹ «ያልተረጋገጠ» ሲባሉበት፣ ቁልፉ ተበላሽቷል ብሎ ከኮምፒውተሩም ከጊትሃብም አጠፋው። በዚያው ቁልፍ ይገባባቸው የነበሩ ሌሎች ሰርቨሮችም ተዘጉበት። ቁልፉ ምንም አልሆነም ነበር!

ስለዚህ ከማጥፋታችሁ በፊት ተመልከቱ። በጊት ማስተካከያ ውስጥ የፊርማው ዓይነት ኤስኤስኤች ተብሏል? የትኛው ቁልፍ እንደሚፈርም ተገልጿል? ኮሚት ሁሉ እንዲፈረም ታዟል? በኮሚቱ ላይ ያለው ኢሜይል በጊትሃብ መለያችሁ የተረጋገጠው ነው? ብዙ ጊዜ ችግሩ ከእነዚህ አንዱ ነው።

«የተፈረመ ኮድ ተመስጥሯል» የሚሉም አሉ፤ አልተመሰጠረም፣ ማከማቻውን የሚያይ ሁሉ ያነበዋል።

«የተረጋገጠ ከተባለ ኮዱ ጤነኛ ነው።» ፊርማው የፈረመውን ይናገራል እንጂ ስሕተት አይመረምርም።

«ቁልፍ እያለኝ የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል» ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የማከማቻው አድራሻ ኤችቲቲፒኤስ (በ«https» የሚጀምር) ስለሆነ ነው። በዚያ መንገድ ኤስኤስኤች ቁልፍ አይሠራም፤ ጊትሃብም ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወዲህ ለጊት ሥራ የይለፍ ቃል ስለማይቀበል ቶከን (በይለፍ ቃል ፋንታ የሚገባ ረጅም መለያ) አውጡ፣ ወይም አድራሻውን ወደ ኤስኤስኤች ቀይሩ።

«ቁልፍህን ላክልኝ» ስትባሉም የሚላከው በነጥብ ፐብ (.pub) የሚያልቀው፣ ይፋዊው ቁልፍ ያለበት ፋይል ነው። ሌላውን፣ ሚስጥራዊውን ቁልፍ፣ ልካችሁ ከሆነ ያን ጊዜ አጥፉት፤ አዲስ አውጡና በየሰርቨሩ ተኩት።