በየኔታ ፊት የሚነገር ቅኔ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በመምህር ሥር ሆኖ ስለማደግ ሳስብ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየኝ የቅኔ ቤት ነው። የዜማ ተማሪ የቅዱስ ያሬድን ድጓ እንደ ተቀበለው ያጸናል፤ የቅኔ ተማሪ ግን የመምህሩን ቅኔ ብቻ በቃሉ ይዞ ቢመለስ ገና እንዳልተማረ ይቆጠራል። የኔታ ግሱን ያስይዙታል፣ አገባቡን ያሳዩታል፣ ራሳቸው ቅኔ ዘርፈው ሰሙንና ወርቁን፣ ማለትም ላይኛውንና የተሰወረውን ትርጉም፣ ይፈቱለታል። ከዚያ በኋላ ተማሪው ብቻውን ወደ ዛፉ ጥላ ሄዶ፣ ደበሎውን ተከናንቦ የራሱን ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያዘጋጅ፣ ይውላል። ጀማሪው ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ያላትን ጉባኤ ቃና የተባለች ቅኔ ይዞ ይመለሳል፤ እየበረታ ሲሄድ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፣ በኋላም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል።

ይሁን እንጂ የቆጠረውን የሚነግረው በየኔታ ፊት ቀርቦ ነው። ቤቱ የጎደለው ይሞላል፣ ምሥጢሩ የተፋለሰው ይቃናል፤ የራሱ ድካም ስለ ሆነ ብቻ አያልፍለትም። የሠመረለት ቀን ግን «ይበል!» ይባልለታል፤ ለዚያች አንዲት ቃል ስንቱ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ እያደረ ዓመታትን ታግሧል!

እኔ ማስተማር በጀመርሁ ጊዜ የመምህሬን የድምፅ አወራረድ፣ ቃሉን ገታ የሚያደርግበትን ቦታና እጁን የሚያነሣበትን ጊዜ ሳይቀር ይዤ ነበር። አንድ አረጋዊ አባት ከጉባኤው በኋላ ወደ ጎን ወስደው «ልጄ፣ የመምህርህን ሰማሁ፤ አንተስ በዚህ ቃል ጸልየህበታል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። መምህሬ ያንን ድምፅ ያገኘው ሌሊት በጸሎት ቆሞ እንደ ነበር፣ እኔ ግን ድምፁን ብቻ ወስጄ ሌሊቱን እንደ ተውሁት ያን ጊዜ ገባኝ። ቅዱስ ጳውሎስም በጢሞቴዎስ ላይ እጁን ጫነ፤ የተሰጠውን ጸጋ እንደ እሳት የማነሣሣቱን ሥራ ግን ለራሱ ለጢሞቴዎስ ተወለት (2ኛ ጢሞ. 1፥6)።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲህ መምህር አያስፈልገኝም» የሚል ቢኖር ኤልሳዕን ይመልከት። በሬዎቹን አርዶ፣ በዕርፉ ዕንጨት ሥጋቸውን ቀቅሎ ለሕዝቡ ካበላ በኋላ ኤልያስን ተከተለ። በሰው ዘንድ የታወቀውም በኤልያስ እጅ ላይ ውኃ ያፈስ የነበረ ተብሎ ነው (2ኛ ነገ. 3፥11)። ሁለት እጥፍ መንፈስ የለመነው ይህ አገልጋይ ነው። መምህሩ ሲያርግ የወደቀችውን መጐናጸፊያ አንሥቶ ዮርዳኖስን ሲመታም የጠራው «የኤልያስ አምላክ እግዚአብሔር ወዴት ነው?» እያለ ነበር። ወንዙን የተሻገረው መምህሩ በተሻገረበት መንገድ ነው። ኢያሪኮ ሲደርስ ግን የከተማይቱ ሰዎች ውኃው ክፉ እንደ ሆነ ነገሩት፤ እርሱም መጐናጸፊያውን አላነሣም፤ አዲስ ማሰሮ አምጡልኝ፣ ጨውም ጨምሩበት አለ፤ ወደ ምንጩም ወጥቶ ጨውን ጣለበት፤ ውኃውም ተፈወሰ።