ሰማያዊ ቆብ ያጠለቀ ወታደር ሥራው ዳር ቆሞ ማየት ነው?

ደሴ ላይ ቡና ልጠጣ በተቀመጥሁ ቁጥር፣ ከጡረታ በፊት ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ መኮንኖችን ለሰላም ማስከበር አሠለጥን እንደነበር የሚያውቁ ወዳጆቼ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ፣ ማለትም ሰማያዊ ቆብ ያጠለቀው ወታደር፣ ምን ይሠራል የሚለውን ያንኑ ክርክር ያነሡብኛል።

ሲከራከሩ ከሚሳሳቱት ጥቃቅኑን ላስቀድም። የተባበሩት መንግሥታት የራሱ ጦር የለውም፤ ወታደር የሚያዋጡትም፣ ከስምሪት በፊት የማሠልጠን ኃላፊነት ያለባቸውም አባል አገሮች ናቸው። ቃኘው የተባለው የኢትዮጵያ ሻለቃ ወደ ኮሪያ የሄደው ሊዋጋ እንጂ ሰላም ሊያስከብር አልነበረም፤ የአገራችን ሰላም ማስከበር የሚጀምረው በ1960 እ.ኤ.አ. ከኮንጎ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለአንድ ወታደር በየወሩ የሚሰጠው ገንዘብም የሚከፈለው ለላኪው መንግሥት ነው።

የሚያናድደኝ ግን «ሰላም አስከባሪ ገለልተኛ ስለሆነ ዳር ቆሞ ከማየት በቀር ሥራ የለውም» የሚለው ነው። ደም የተቃቡትን የሚያስታርቀውን ሽማግሌ፣ አበጋርን፣ እያየ ያደገ የወሎ ሰው ይህን ሲል እገረማለሁ። አበጋር ደም ሲያደርቅ ለገዳይም ለሟችም ወገን አያዳላም፤ ካሳውን የሚከፍለው ግን የገዳይ ወገን ነው። ከሰላም አስከባሪ የሚጠበቀውም እንዲሁ አለማዳላት እንጂ አይቶ እንዳላየ ማለፍ አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ጥበቃ አለው በተባለው የቦስኒያ ከተማ ስሬብሬኒትሳ ወደ 8,000 የሚጠጉ ወንዶች ከተገደሉ በኋላ ይህ ስሕተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ታየ፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ለሴራሊዮን በተሰጠው ተልዕኮም ሲቪሎችን ከጥቃት መከላከል በግልጽ ተጻፈ። ስለዚህ ወታደሩ ራሱን ለመከላከልና ተልዕኮውን ለመፈጸም ይተኩሳል፤ ሥልጠናው የሚያስጨንቀው መቼ እንደሚተኩስ፣ መቼ ደግሞ ቁጭ ብሎ እንደሚነጋገር መለየት ላይ ነው።

«ለተዋጋ ሰው ይህ ምኑ ይከብዳል?» ለሚሉኝ አንድ ሻምበል አስታውሳለሁ። ብዙ ጦርነት ያየ የሌላ አገር መኮንን ነው። በልምምዱ መንገድ የዘጉ ሽማግሌ ሆኖ የሚተውን ሰው ፊቱ ተቀምጦ ሳለ፣ እርሱ ዓይኑን ከአስተርጓሚው ሳይነቅል «መንገዱን እንዲከፍት ንገረው» ይል ነበር። ሽማግሌው ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። ምን እንዳጠፋ ስጠይቀው «አስተርጓሚው ደካማ ነው» አለኝ! ወደ ተልዕኮ የምትሄዱ ልጆቻችንም ይህን ያዙ፤ የምታዩት ሽማግሌውን ነው፣ የምትናገሩትም «እርስዎ» ብላችሁ በአጭር በአጭሩ ነው፣ የፀሐይ መነጽራችሁንም አውልቁ። ሻምበሉ በሁለተኛው ዙር መነጽሩን አውልቆ፣ የብረት ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሽማግሌው ስለ መንገዱ ከማንሣታቸው በፊት ስለ ውኃ ጉድጓዳቸው ሃያ ደቂቃ አወሩት፤ እርሱም ሰዓቱን ሳያይ ሰማቸው።