የውሻ ጤናና ደኅንነት በጸጉር እንክብካቤ ረዳቶች ሥልጠና

በእንግሊዝ የውሻ ጸጉር አጥቦና ቆርጦ ለማስተካከል የሙያ ፈቃድ አይጠየቅም። ሥራውን የሚገዛው ዋነኛ ሕግ ለእንግሊዝና ለዌልስ የወጣው የ2006ቱ የእንስሳት ደኅንነት አዋጅ ሲሆን፣ አዋጁ እንስሳን ለጊዜውም ቢሆን የተረከበን ሰው ኃላፊ ስለሚያደርግ፣ ውሻው በሱቁ ውስጥ በሚቆይባቸው ሰዓታት ተገቢ ስፍራ ማግኘቱና ከሕመም፣ ከስቃይና ከጉዳት መጠበቁ የሠራተኞቹም ግዴታ ነው። ሲቲ ኤንድ ጊልድስ የተባለው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ሰጪ ድርጅት ለረዳቶች ባዘጋጀው የ2ኛ ደረጃ ሥልጠና ውስጥም የውሻ ጤናና ደኅንነት ራሱን የቻለ ክፍል ነው።

ምርመራው ውሻው ከመታጠቡ በፊት፣ ባለቤቱ ሳይሄድ ቢደረግ ይመረጣል። ሰልጣኙ ዓይንን፣ ጆሮን፣ ጥርስንና ቆዳን እያየ ከአፍንጫ እስከ ጭራ በእጁ ይዳስሳል፤ የጤነኛ ውሻ ሮዝ ድድ በጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ይነጣና በ2 ሰከንድ ገደማ መልኩ ይመለሳል። ከጸጉሩ ሥር ጥቁር ብናኝ ከተገኘ በእርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ ይደረጋል፤ ዙሪያው ከቀላ ብናኙ የቁንጫ ኩስ ነው፣ የሚያቀላውም ቁንጫው የመጠጠው ደም ነው። ጭርትና አንዳንድ የእከክ ዓይነቶች ወደ ሰው ስለሚተላለፉ ጓንት ማድረግና መሣሪያዎችን ማጽዳት የግድ ነው። ይሁንና በ1966ቱ የእንስሳት ሐኪሞች አዋጅ መሠረት በሽታን መለየት የሐኪም ሥራ በመሆኑ፣ ረዳቱ «ጆሮው አመርቅዟል» ሳይሆን «ግራ ጆሮው ቀልቷል፣ ይሸታል» ብሎ ያየውን ብቻ መናገር አለበት።

ከሁሉ በላይ ሊፈራ የሚገባው ሙቀት ነው። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ላብ የሚወጣው በመዳፉ ብቻ ስለሆነ በዋናነት የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች ደግሞ አየር በቀላሉ ስለማያገኙ፣ ሙቅ አየር በሚነፋበት ዝግ ማድረቂያ ውስጥ ለአፍታም ቢሆን ትቶ መሄድ ለሞት ሊዳርጋቸው ይችላል። ውሻው አለቅጥ ካለከለከ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ ወይም ከተንገዳገደ ማድረቁ ወዲያው ቆሞ በቀዝቃዛ ውኃ እየረጠበ ወደ ሐኪም ይወሰዳል።

ተጠላልፎ እንደ ምንጣፍ የጠጠረ ጸጉር ቆዳን ይጎትታል፣ እርጥበትም ይዞ ያቆስላል፤ ስለዚህ በማበጠሪያ ታግሎ ከማሰቃየት በማሽን መላጨት ይሻላል። በተለይ ጆሮ ላይ ያለው ሲነሳ ውሻው ጭንቅላቱን ደጋግሞ ሊያራግፍና በጆሮው ቅጠል ውስጥ ደም ሊቋጥር ስለሚችል፣ ባለቤቱ ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።