«3 በመቶ በ50» ምንድን ነው?

ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ከተማ ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ማኅበር ጋር ለድርድር ሲቀመጥ ብዙ የሚወራው ስለ ደመወዝ ጭማሪ ነው። ከተማዋን ለ30 እና ለ40 ዓመት የሚከተላት ወጪ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ፣ በአንዲት መስመር ተጽፎ ቁጭ ብሏል። «3 በመቶ በ50» ይላል።

ነገሩ የጡረታ ማስሊያ ቀመር ነው። ሠራተኛው 50 ዓመት ሲሞላው፣ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት የመጨረሻ ደመወዙን 3 በመቶ በጡረታ ያገኛል። በ22 ዓመቱ ተቀጥሮ በ50 የወጣ ሰው 28 ዓመት ሠርቷል። 28 በ3 ሲባዛ 84። ደመወዙ በወር 10,000 ዶላር ከነበረ በሕይወት እስካለ ድረስ በየወሩ 8,400 ዶላር ይከፈለዋል ማለት ነው፣ የኑሮ ውድነት ማስተካከያውም ሳይቆጠር። ጣሪያው 90 በመቶ ነው። በብዙ ስምምነቶች ደግሞ «የመጨረሻ ደመወዝ» ሲባል ከፍተኛው የ12 ወር ደመወዝ ነው፤ ስለዚህ ሊወጣ ዓመት ሲቀረው ማዕረግ ያገኘ ሰው፣ ያቺ አንድ ዓመት የዕድሜ ልክ አበሉን ትወስንለታለች።

ቀድሞ የተለመደው 2 በመቶ በ50 ነበር። ያው ሰው በዚያ ቢወጣ 56 በመቶ ነበር የሚያገኘው። ታዲያ ከ56 ወደ 84 እንዴት ተዘለለ?

በ1999 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ገዥው ግሬይ ዴቪስ አንድ ሕግ ፈረሙ። ለአውራ ጎዳና ፖሊሶች 3 በመቶ በ50 ተሰጠ፣ ለከተሞችም በሩ ተከፈተ። ጊዜው የአክሲዮን ገበያው የጦፈበት ነበር። የጡረታ ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ካልፐርስ ራሱ፣ የፈንዱ ትርፍ ወጪውን ይሸፍነዋል የሚል ነገር ነበር ያቀረበው። ከዚያ በኋላ ያለው የድርድር ጠረጴዛ ወሬ ነው። የማኅበሩ ተደራዳሪ «ጎረቤት ከተማ ሰጥቷል፣ እናንተ ካልሰጣችሁ ልጆቹ ወደዚያ ይሄዳሉ» ይላል። ውሸቱን አይደለም፣ የሠለጠነ ሠራተኛ እውነትም ይሄዳል። የከተማው ምክር ቤት በበኩሉ የዛሬውን በጀት ያያል። ደመወዝ ከጨመረ ገንዘቡ ዘንድሮ ከካዝና ይወጣል፣ ጡረታ ካሻሻለ ግን ዘንድሮ ምንም የሚወጣ ነገር ያለ አይመስልም። እኔ ምክር ቤት ውስጥ ብቀመጥ የትኛው እንደሚቀለኝ አውቃለሁ።

ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር ደግሞ አለች። አዲሱ ቀመር ከፊርማው በኋላ ለሚሠራው ዓመት ብቻ አይደለም የሠራው፣ ላለፉትም ዓመታት ነው። 20 ዓመት በ2 በመቶ ስሌት ሲዋጣለት የኖረ ሰው በአንድ ሌሊት 20ውም ዓመት በ3 በመቶ ተቆጠረለት። ላለፉት ዓመታት የጎደለውን ማን አዋጣ? ማንም። ያ ጉድለት ነው በሂሳብ ሪፖርት ላይ «ያልተሸፈነ ዕዳ» እየተባለ የሚጻፈው። ይባስ ብሎ ሠራተኛው ከደመወዙ ማዋጣት የነበረበትን 9 በመቶ እንኳን ብዙ ከተሞች ራሳቸው ይከፍሉለት ነበር፤ እሱም በድርድር የተገኘ ነው።

ከዚያ 2008 መጣ። ካልፐርስ በ2008/09 የበጀት ዓመት ከንብረቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ አጣ። ጡረተኛው የሚያገኘው አልተነካም፤ በቀመር ቃል የተገባ ገንዘብ ስለሆነ ገበያው ወደቀ ተብሎ አይቀነስም። የጎደለውን የሚሞላው ከተማው ነው፣ ማለትም ግብር ከፋዩ። ለእኔ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው፤ 84 በመቶው በዛ አልበዛም ሌላ ክርክር ነው፣ የገበያውን አደጋ ማን ይሸከማል የሚለውን ግን ሲፈርሙ ጮክ ብሎ የጠየቀ አልነበረም ማለት ይቻላል። በኋላም ካልፐርስ ከኢንቨስትመንት አገኛለሁ ብሎ የሚያስበውን ምጣኔ ደረጃ በደረጃ ወደ 6.8 በመቶ አወረደው። ይህ ሲወርድ ከገበያው ይመጣል የተባለው ስለሚያንስ የከተሞቹ መዋጮ ይጨምራል፣ አንድም ሰው ሳይቀጠር።

ቫሌሆ የምትባለው ከተማ በግንቦት 2008 ኪሣራ አወጀች። ከዋናው ካዝናዋ ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሄደው ለፖሊስና ለእሳት አደጋ ነበር። ፍርድ ቤቱ የሥራ ስምምነቶቹን ማፍረስ ትችያለሽ አላት። ጡረታውን ግን ራሷም አልነካችም።

ለምን ዝም ብለው አይቀንሱትም? በካሊፎርኒያ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች መሠረት፣ በተለይ በ1955 በሎንግ ቢች ከተማ ላይ ከተሰጠው በኋላ፣ ለተቀጠረ ሠራተኛ የተገባን የጡረታ ቃል ሌላ ተመጣጣኝ ጥቅም ሳይተኩ መቀነስ በጣም ከባድ ነው።

ሠራተኞቹን ሌባ ማድረግ ግን ልክ አይመስለኝም። በስቴቱ ሕግ አድማ መምታት አይችሉም፣ ካንሰር በሙያው የታወቀ አደጋ ነው፣ ብዙዎቹም በፌዴራሉ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ውስጥ የሉም። የትርፍ ሰዓት ክፍያቸውን ዝርዝር አይቶ «ይኼ ሁሉ ጡረታቸው ላይ ይደመራል» የሚልም አለ። በካልፐርስ አሠራር ተራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጡረታ ውስጥ አይገባም። እንዲያውም በዚሁ ምክንያት አንዳንዴ አዲስ ሰው ከመቅጠር ይልቅ ያሉትን ትርፍ ሰዓት ማሠራት ለከተማው ይረክሳል።

በ2012 ገዥው ጄሪ ብራውን ማሻሻያውን ፈረሙ። ከጥር 1 ቀን 2013 ጀምሮ አዲስ ለሚገቡት ከተፈቀዱት ቀመሮች ትልቁ 2.7 በመቶ በ57 ሆነ፣ የሚሰላውም በ3 ዓመት አማካይ ደመወዝ ነው። ቀድመው የነበሩት በድሮው ቀጠሉ። ስለዚህ ዛሬ በአንድ መኪና ወደ አንድ ቃጠሎ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ጡረታቸው ለየቅል ሊሆን ይችላል።

በጠረጴዛው ላይ ያለው ክርክርም ተቀይሯል። ከተማው ነባሮቹን «ከደመወዛችሁ 3 በመቶ ተጨማሪ ለጡረታው አዋጡ» ይላል። ማኅበሩ «እሺ፣ ደመወዝ 3 በመቶ ጨምሩልን» ብሎ ይመልሳል። ወረቀት ላይ የተቻቻለ ይመስላል። ግን ያ ጭማሪ ጡረታ የሚሰላበትን ደመወዝም ከፍ ስለሚያደርገው፣ ከተማው ከመፈረሙ በፊት ልዩነቱን የሚያሰላለት ሰው ያስፈልገዋል።