ሸሪፍ ዐረብ ነው? ስለ አንድ የፖርቱጋልኛ ቃል የተሳሳቱ አመለካከቶች

በካውቦይ ፊልም ላይ ደረቱ ላይ ኮከብ የሰካውን ሕግ አስከባሪ ፖርቱጋሎችም «ሸሪፍ» ይሉታል። ስለዚህ ቃል ብዙ ይወራል።

«ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው።» ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ያለውን ሰው ግን አልፈርድበትም። ዐረብኛ ሸሪፍ የሚል ቃል አለው፤ ክቡር ማለት ነው፣ ከነቢዩ መሐመድ ዘር ለሚወለድም ማዕረግ ነው። ሐረር የሄደ ሰው ስሙን ያውቀዋል። ሙስሊሞች በ711 (እ.ኤ.አ.) ዛሬ ፖርቱጋልና ስፔን ወዳሉበት ምድር ከገቡ በኋላ ደግሞ ፖርቱጋልኛ በመቶዎች የሚቆጠሩ የዐረብኛ ቃላት ወርሷል። የፖሊሱ ሸሪፍ ግን ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው። እንግሊዝኛውም ከዐረብ አልተበደረውም። በድሮው እንግሊዝኛ «ሺር» አውራጃ ነው፣ «ገሬፋ» ሹም። ሁለቱ ተጣብቀው የአውራጃ ሹም ሆኑ፣ ዘመን ሲሄድ ተሸራርፈው ሸሪፍ ቀሩ። ከፈረንሳይ የተሻገሩት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ሲይዙ ሹመቱን እዚያው ነው ያገኙት።

«እንግዲያው ፖርቱጋሎች የዐረቡን ሸሪፍ አያውቁትም።» እንዴት አያውቁትም! በ1541 የሞሮኮ ወደብ የሆነችውን አጋዲርን የነጠቋቸው የሞሮኮ ሸሪፎች፣ የነቢዩ ዘር ነን የሚሉ ገዥዎች ናቸው። በ1578 የ24 ዓመቱ የፖርቱጋል ንጉሥ ሰባስቲያን ሞሮኮ ውስጥ አልካሰር ኪቢር ላይ የወደቀውም እነሱን ሊወጋ ሄዶ ነው። ስለዚህ ፖርቱጋልኛ ሁለት ሸሪፍ አለው፤ አንዱ ከሞሮኮ፣ አንዱ ከእንግሊዝ። አጻጻፋቸው ቢገጥምም ዝምድና የላቸውም።

«ሕግ ማስከበር ላይ የዐረብኛ ቃል የላቸውም ማለት ነው።» ይሄም አይሆንም። ካቴናን «አልጄማ» ይሉታል፣ ዐረብኛ ነው፤ ሥሩ ማገናኘት፣ አንድ ላይ መሰብሰብ ነው። እኔን የሚያስቀኝ ግን «አግዋዚል» ነው። መነሻው «አልወዚር» ነው፣ ሚኒስትር ማለት። ፖርቱጋል ሲደርስ ወርዶ ወርዶ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አስፈጻሚ ሆኗል። ቼዝን የሚጠሩበት «ሻድሬዝ»ም በዐረብኛ በኩል የገባ ነው፤ በብራዚል አራዳ ቋንቋ ደግሞ እስር ቤት ማለት ነው። «ሻድሬዝ ገባ» ካሏችሁ ጨዋታ አይደለም።

«ብራዚል ሸሪፍ የሚባል ፖሊስ አለ።» የለም። የሲቪል ፖሊስ ጣቢያ ኃላፊው «ዴሌጋዶ» ነው። ብራዚል ውስጥ ሸሪፍ የሚሏቸው ኳስ ሜዳ ላይ አሉ፦ ሳጥኑን የማያስደፍሩ፣ ጓደኞቻቸውን እየጮሁ የሚያሰልፉ የመሃል ተከላካዮች።