በቪላ መሀል የቀረች አሮጌ ቤት፦ ሰው የሚለውና እውነታው

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ከደብረ ማርቆስ ደወለልኝ። ባሕር ዳር ላይ ቤት አግኝቷል። ሁለት ክፍል ከነማድ ቤቷ፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ቆርቆሮዋ የዛገ። ግራና ቀኟ ግን ጂ ፕላስ ሁለት ቪላዎች ናቸው። ፊት ለፊቷ ደግሞ ሌላ ፎቅ እየተሠራ ነው። ደላላው የጠራውን ዋጋ ሲነግረኝ ተሳስቶ አንድ ዜሮ የጨመረ መሰለኝ።

«እትየ ምን አሉ?» አልኩት፤ እናቱን ማለቴ ነው።

«ከባለጸጋ መሀል ከገባህ ሌላ ምን ትፈልጋለህ ትለኛለች» አለኝ።

እኔ ግንባታ ላይ ፎርማን ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ቤት ሊገዛ ያሰበ ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ ለእኔ ይደውላል። ምክሬን በትዕግሥት ይሰማል። ከዚያ ደላላው ያለውን ያደርጋል። ይህኛው ግን እስኪ አብረን እንየው ስላለኝ ሄድን። በሁለት ቀን ውስጥ ከደላላ፣ ከሻጭ፣ ከጎረቤትና ከዘመድ የሰማናቸውን አባባሎች ላንሳቸው።

«ጎረቤቱ በካሬ ይህን ያህል ሸጧል፣ ይህችም በዚያው ሂሳብ ናት»

ደላላ የሚወዳት ሂሳብ ናት። ለመረዳት ያህል ቁጥር ልፍጠር። ጎረቤት ያለው ቪላ 300 ካሬ ላይ ነው፤ በ12 ሚሊዮን ብር ተሸጠ እንበል። ደላላው ያካፍላል፦ ካሬው 40 ሺህ። የኛዋ 160 ካሬ ናት። ያባዛል፦ 6.4 ሚሊዮን። አለቀ።

አላለቀም። በዚያ 12 ሚሊዮን ውስጥ ፎቁ አለ። ፌሮው፣ ሲሚንቶው፣ ሴራሚኩ፣ የሠራተኛው ላብ ሁሉ አለ። ግንባታው ብቻውን 7 ሚሊዮን ያወጣል ብለን ብንቀንስ ለቦታው የሚቀረው 5 ሚሊዮን ነው። በ300 ሲካፈል ካሬው ወደ 16,700 ይወርዳል። 160 ካሬ ማለት እንግዲህ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። በዚህ ላይ የአሮጌዋን ቤት ዋጋ ጨምሩ። ቢጨመርም 6.4 ሚሊዮን አይደርስም። ደላላው የጎረቤትን ፎቅ ለኛ ሰው ሊሸጥለት ነበር።

ካሬ ሁሉ እኩል አይደለም ደግሞ። ወደ መንገድ ያለው ግንባር ስንት ሜትር ነው? መኪና ያስገባል? ወይስ በጎረቤት ግቢ ጥግ በቀጭን መተላለፊያ ነው የሚገባው? ስምንት ሜትር ግንባር ያለውና አሥራ አምስት ሜትር ግንባር ያለው ቦታ ስፋታቸው አንድ ቢሆን እንኳ አንድ ዓይነት ቤት አይሠራባቸውም። ማወዳደር ካለባችሁ ከቪላው ጋር ሳይሆን በዚያው ሰፈር ከተሸጠች ሌላ አሮጌ ቤት ጋር አወዳድሩ።

ሰፈሩ ምንም አይጨምርም እያልኩ አይደለም። ይጨምራል። መንገዱ፣ መብራቱ፣ ጸጥታው ዋጋ አላቸው። ግን ያ ዋጋ ቦታው ላይ ምን ያህል ለመሥራት እንደሚፈቀድም ይታያል።

«የምትገዛው መሬቱን ነው፣ ቤቱን እርሳው»

ይቺ የብልህ ምክር ትመስላለች። በሕግ ስትታይ ግን ተገልብጣለች።

የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነው በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ዛሬም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይናገራል። ስለዚህ ውሉ ላይ የሚጻፈው የቤት ሽያጭ ነው። መሬቱ ላይ ያለው የመጠቀም መብት የሚመጣው ቤቱን ተከትሎ ነው። ያቺ የተናቀች ጭቃ ቤት ናት እንግዲህ ውሉን ውል ያደረገችው! ሻጩ «አፍርሼ ባዶውን ላስረክብህ» ካላችሁ እሺ አትበሉ። ባዶ መሬት መሸጥ አይቻልም።

ሌላም አለ። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ (በሊዝ ያልተያዘ የቆየ ቦታ) ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ወደ ሊዝ ሥሪት፣ ማለትም ቦታውን ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ወደ መያዝ፣ እንደሚገባ አስቀምጧል። የመኖሪያ ሊዝ ዘመን እስከ 99 ዓመት ነው። ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? ሻጮቹ ከአባታቸው ስለወረሱት በዓመት ትንሽ የቦታ ኪራይ ይከፍላሉ። ደረሰኙን አሳዩን፣ የአክስቴ ልጅም ፊቱ ፈካ። እሱ ግን ገዥ ነው፤ የሚጠብቀው ሌላ ክፍያ ነው። የሻጭን ደረሰኝ አይታችሁ የራሳችሁን ወጪ አትገምቱ። ውል ሳትፈርሙ ከተማ አስተዳደሩ የመሬት ክፍል ሄዳችሁ ስም ሲዞር ምን ምን እንደሚከፈል፣ የሊዙም ሂሳብ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቁ። ግማሽ ቀን ሰልፍ ነው። እኛም ተሰልፈናል።

«ጭቃ ከሆነ ይፍረስ፣ ብሎኬት ከሆነ አያሳስብም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሙያዬ ነውና።

ባሕር ዳር በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ ሲከፈቱ ሰው ከየገጠሩ ጎረፈ። ያኔና ከዚያ በኋላ የተሠሩ ብዙ ቤቶች የእንጨትና የጭቃ ናቸው። ከነሱ ውስጥ እስካሁን ቀጥ ብለው የቆሙ አሉ። ምሥጢሩ ሁለት ነው፦ ከላይ የማያፈስ ጣሪያ፣ ከታች እንጨቱን ከመሬት እርጥበት ያራቀ የድንጋይ መሠረት። ቋሚው ጽድ ከሆነ ደግሞ ዕድሜው ረጅም ነው። ባሕር ዛፍ ከሆነ ምስጥ ቶሎ ይደፍረዋል።

ስለዚህ ካቻቢቴ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩን አስፈቅዳችሁ የግድግዳውን ግርጌ ወጋ ወጋ አድርጉ። ልስኑ ሥር ያለው እንጨት እንደ ዳቦ ከገባላችሁ ምስጥ ቀድሟችኋል። ቀና ብላችሁ ኮርኒሱን እዩ፤ ቡናማ ክብ ካለ ቆርቆሮው ያፈሳል። አዲስ ቀለም የተቀባ አንድ ግድግዳ ብቻ ካያችሁ ለምን እሱ ብቻ እንደተቀባ ጠይቁ።

ብሎኬቱስ? ጥቁር አፈር ላይ ጥልቀት በሌለው መሠረት የተሠራ የብሎኬት ቤት ከጭቃው የባሰ ሊሆን ይችላል። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በበጋ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ቤቱም አብሮት ይነሳል፣ ይወርዳል። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ካያችሁ የልስን ችግር ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል። የጭቃ ግድግዳ ተሰንጥቆ ተመርጎ ይኖራል፤ ብሎኬት እንዲያ አይደለም።

በሀብታም ሰፈር ያለች አሮጌ ቤት ሌላ የራሷ በሽታ አላት፤ ብዙ ሰው አያየውም። ጎረቤቶቿ ሲሠሩ ሰሌክት (የመሙያ አፈር) አስገልብጠው ግቢያቸውን ከፍ ያደርጋሉ። መንገዱም ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ይላል። እሷ በድሮው ከፍታዋ ትቀራለች። ባሕር ዳር ደግሞ ሜዳ ናት፣ ጣና ዳር የተዘረጋች፤ ውሃ የሚሄድበት ቁልቁለት ብዙ የላትም። ዝናብ ሲመጣ የሦስት ቪላ ግቢ ውሃ የሚተኛው እሷ በር ላይ ነው። የኛዋ ቤት ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ትላለች። እኔ ወደ ታች ስወርድ ደላላው «ደስ የሚል ደረጃ ነው» አለኝ።

በጥር ሁሉም ቤት ደረቅ ነው። ቤት የሚታየው በሐምሌ ነው። በሐምሌ ማየት ካልቻላችሁ የአጥሩንና የግድግዳውን ግርጌ እዩ፤ ውሃ የተኛበት ቦታ መስመር ይተዋል። የጎረቤት ሴፕቲክ ታንክ በየት በኩል እንዳለም ጠይቁ። የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ቦታ ይህ ጓሮው የውሃ ጉድጓድ ላለው ሰው ቀላል ጥያቄ አይደለም።

«ካርታ ካለው ጣጣ የለውም»

ካርታ፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫው፣ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። አሮጌ ቤት ማለት ብዙ ጊዜ የሟች አባት ስም ያለበት ካርታ ማለት ነው። እኛ ያገኘነው ሻጭ አንድ ነበር። ስንጠይቅ ወራሾቹ አራት ሆኑ፤ አንዷ አዲስ አበባ ናት። አንዱ ወንድም ብቻውን ሊሸጥልን አይችልም። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ የሁሉም ፊርማ ወይም ውክልና ያስፈልጋል። ባለትዳር የሚሸጠው የጋራ ቤት ከሆነም ባልም ሚስትም መፈረም አለባቸው። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ ካለ ደግሞ ካርታው ላይ ላይታይ ይችላል፤ ማኅደሩ ካለበት ቢሮ ይጠየቃል።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ይናገራል። ሽማግሌ ፊት የተፈረመች ወረቀት ብቻዋን አትበቃም፣ ሽማግሌዎቹ የቱንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ።

ሜትር ይዛችሁም ለኩ። ካርታው 160 ካሬ ይላል። እኛ ብንለካው 148 ወጣ። ከግራ በኩል ያለው የቪላ አጥር ቀጥ ብሎ መጥቶ መሀል ላይ ትንሽ ሆዱን ነፍቷል። የሻጮቹ አባት ሳያዩት ቀርተው ይሆናል፣ ወይ አይተው ዝም ብለው ይሆናል።

«ሠላሳ ዓመት ኖሮበታል፣ የራሱ ነው»

የቀበሌ ቤት ከሆነ የራሱ አይደለም። የ1967ቱ አዋጅ ከወሰዳቸው ትርፍ ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ኪራይ ቤት ሆነዋል። ተከራይ ቁልፍ ሊያቀብላችሁ ይችላል፤ ቤት ሊሸጥላችሁ አይችልም።

«ግዛና ፎቅ አውጣበት»

የሚወሰነው በከተማው ፕላን ነው። የመንገድ ማስፋፊያ ቦታውን ይነካዋል? ከአጥር ስንት ሜትር መራቅ አለበት? እዚያ መንገድ ላይ የሚፈቀደው ከፍታ ስንት ነው? ትንሽ ቦታ ላይ ከአጥር የሚራቀው ሲቀነስ የሚተርፈው አንድ ሳሎን ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው፦ መንገዱ ዳር ከዚህ ፎቅ በታች አይሠራም ይባልና እናንተ ያሰባችሁት ዕድሳት ብቻ ነበር። ገንዘባችሁ የሚበቃው ለቀለምና ለቆርቆሮ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ።

«ዛሬ ቀብድ ካልሰጠህ ነገ ዲያስፖራ ይወስደዋል»

ይህ ዲያስፖራ እኔ ቤት ማየት ከጀመርኩ ጀምሮ ነገ እየመጣ ነው። ቀብድ ቀልድ አይደለም። በሕጉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ከተወው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወው እጥፍ ይመልሳል። ወራሾቹ ሳይሟሉ፣ ልኬቱ ሳይጣራ ለአንዱ ወንድም የሚሰጥ ቀብድ ግን ሰውየውን ፍለጋ የምትዞሩበት ገንዘብ ነው።

የአክስቴ ልጅ ቀብድ አልሰጠም። ደላላው ተቆጥቶ ለሳምንት ስልክ አላነሳም፤ በስምንተኛው ቀን ራሱ ደወለ። አዲስ አበባ ያለችው እህት ውክልና እስክትልክ እየተጠበቀ ነው። የአሥራ ሁለቱ ካሬ ጉዳይም ከዋጋው ላይ ይቀነስ ተብሎ ድርድር ተይዟል። እትየ «ሰፈሩን አሳጣኸው» ብለው እኔን ተቆጥተውኛል። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ ደግመን ሄደን እናያታለን። ቦቲ ጫማ ይዘህ ና ብዬዋለሁ።