የባክቴሪያ ሰፈራ ምንድን ነው?

«ከቃጠሎ ቁስሉ ያልተለመደ ባክቴሪያ ስለበቀለ ታካሚው ኢንፌክሽን ይዞታል፤ ጠንካራ ፀረ ባክቴሪያ አለመታዘዙ የሐኪሙ ቸልተኝነት ነው» የሚል አስተያየት ሰሞኑንም አነበብሁ። ከቁስሉ ገጽ በጥጥ ተጠርጎ የተወሰደ ናሙና ባክቴሪያ ማብቀሉ የሚነግረን ሰፈራ፣ በሙያው አጠራር ኮሎናይዜሽን፣ መኖሩን ብቻ ነው፤ ኢንፌክሽን የምንለው ባክቴሪያው ሕያው ሥጋ ውስጥ ዘልቆ ጉዳት ሲያደርስ ነው።

ጎጃም ላደገ ሰው ልዩነቱ እንግዳ አይሆንበትም። ጤፉ ታጭዶ ከተነሣ በኋላ ከብት ማሳው ላይ ቢሰማራ ባለማሳው አይከስስም፤ ክሱ የሚመጣው ከብቱ ድንበር ጥሶ ከጎረቤት ቡቃያ ሲገባ ነው። በእሳት የሞተው ቆዳ የታጨደው ማሳ ነው፤ መጀመሪያ ከታካሚው ከራሱ የፀጉር ሥርና የላብ ዕጢ፣ ሳምንት ገደማ ሲሆን ደግሞ እንደ ሱዶሞናስ ያሉት ባክቴሪያዎች ከአንጀቱ፣ ከእኛ ከሕክምና ባለሙያዎቹ እጅና ከዕቃችን መጥተው ይሰፍሩበታል። የሞተው ሥጋ ደም ስለማይዞርበት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት በወጉ አይደርሰውም፤ መፍትሔው በቀዶ ሕክምና አንሥቶ ቦታውን በቆዳ መሸፈን ነው። በዱላ የተባረረ ከብት ዱላ የማይፈራ ጥጃ አይወልድም፤ ያለቦታው መድኃኒት የቀመሰ ባክቴሪያ ግን የሚተካው መድኃኒቱን የማይፈራውን ነው።

ድንበሩ መጣሱን የሚያሳየው ቁስሉ ራሱ ነው፦ ከላይ የነበረው ቃጠሎ ሲጠልቅ፣ አዲስ ጥቁር ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ ሲወጣ፣ ዙሪያው ሲያብጥና ሲቀላ፣ ታካሚውም ሲቃዥ ወይም የደም ግፊቱ ሲወርድ። ትኩሳት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ሰፊ ቃጠሎ ያለ ኢንፌክሽንም ያተኩሳል። የሰውነት መቀዝቀዝም ምልክት ነው፤ ሆኖም በደብረ ማርቆስ ሌሊት ቁስሉ ተገልጦ የቆየን ታካሚ ብርዱም ሊያቀዘቅዘው እንደሚችል አይዘንጋ።

ተቺው በአንድ ነገር አልተሳሳተም፤ የባክቴሪያው ዓይነት አንዳንድ ጊዜ ያስቸኩላል። ኤሮሞናስ የተባለው ባክቴሪያ የሚኖረው በሐይቅ፣ በወንዝና በኩሬ ውኃ ነው፤ ልብሱ በእሳት ተያይዞ ወደ ኩሬ የዘለለ ሰው ቁስል ውስጥ ከገባ በሰዓታት ውስጥ ጡንቻ ሊያበላሽ ይችላል፣ አምፒሲሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያም በተፈጥሮው አይነካውም። በዚህ ጊዜ ምልክቱ ከታየ የላቦራቶሪ ውጤት አይጠበቅም። ስለዚህ ቁስሉን የነካው ምን ዓይነት ውኃ እንደሆነ በናሙናው ወረቀት ላይ ይጻፍ እላለሁ። ይህን ስል ግን ቃጠሎ በውኃ አይቀዝቅዝ ማለቴ አይደለም፤ ንጹሕ ወራጅ ውኃ ለ20 ደቂቃ ሊፈስበት ይገባል።